እቴቴም የሚሄዱበት የበረዶ መንገድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ወንድሜ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ለፈረንጆቹ ገና እኔን፣ ባለቤቴን፣ የ14 እና የ8 ዓመት ወንዶች ልጆቼን፣ እንዲሁም የባለቤቴን እናት እቴቴን ጋብዞናል። ችግሩ ወንድሜና ቤተሰቡ በበረዶ ሸርተቴ ያበዱ መሆናቸው ነው። ብሬክንሪጅ በሚባል፣ እንደ ዴንቨር ኮሎራዶ ግዛት ውስጥ ባለ ከተማ ለአምስት ቀን ቤት ተከራይተዋል። እኛ ስኪ አንችልም፤ ለመማርም ገንዘቡም ድፍረቱም የለንም። "እናንተ መስኮት ሥር ቡና እየጠጣችሁ ታዩናላችሁ" ሲለኝ ትልቁ ልጄ ከአሁኑ አኮረፈ። ወንድሜ ደግሞ "አንድ ቀን ሁላችንም ስኖውሹ አድርገን እንሄዳለን" አለ። ምን ዓይነት ነገር ነው? ምን እንግዛ? 63 ዓመት የሞላቸውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እቴቴ ይችሉታል? እዚህ ሆነን መለማመድስ ይቻላል? (የሱሉልታዋ እናት)

መልስ፦ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። እዚሁ ሱሉልታ ሆናችሁ መለማመድ ይቻላል። እቴቴም መንገዱ በእሳቸው አቅም ከተመረጠ ይሄዳሉ። ምን እንግዛ ላሉት፣ ከካልሲ፣ ከጓንት፣ ከፀሐይ መነጽርና ከሹራብ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ወንድምዎ "አንድ ቀን" ብሎ በደፈናው የተወውን ግን ከአሁኑ ያስቆርጡት፤ ከአምስቱ ሦስተኛው ቀን ይሁን። "አንድ ቀን" የተባለ ነገር ትዝ የሚለው አምስተኛው ቀን ማታ ሻንጣ ሲዘጋ ነው።

ሦስተኛውን ቀን የመረጥነው ለእናንተ ስንል ብቻ አይደለም። ቁልቁል የሚንሸራተት ሰው ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ነው የሚውለው። የጭኑ የፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደቱን ይይዛል። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ሽሮ ሜዳ በሩጫ የወረደ ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም የሚበረታው ከሥራው በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ስለሆነ፣ ሁለት ቀን የተንሸራተቱት የወንድምዎ ልጆች ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ይታወቃቸዋል። የደከመ ጭን ሲታጠፉ ዘግይቶ ይታዘዛል፤ ጉልበት የሚጠመዘዘውም ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሜዳ ለሜዳ የሚደረግ ቀስ ያለ የበረዶ እርምጃ ጡንቻውን ሳያስጨንቅ ያሟሙቀዋል። "ሜዳ ለሜዳ" የምትለዋን ግን አይልቀቋት። ወንድምዎ "ካልቀረማ እስከ ጫፉ እንውጣ" ካለ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያንኑ የታመመ ጭን መልሶ ማሠራት ነውና እምቢ ይበሉት።

ስኖውሹ ከቦት ጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ነው። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው የጥንቱን አሠራር ለመገመት አይቸገርም። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች እንጨት ለምጠው ክፈፍ ያበጁና መሃሉን በቆዳ ጠፍር ይወጥሩታል። ዛሬ ክፈፉ አሉሚኒየም፣ ወለሉ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ሸራ መሰል ጨርቅ ሆነ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። እዚህ በረዶ ሲባል ቶሎ የሚመጣብን ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የኮሎራዶው ደረቅና ልል ነው፣ ልክ እንደ ጤፍ ዱቄት። ቢጨብጡት አይያያዝም፤ ቢረግጡት እስከ ጉልበት ይውጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር በማትሞላ ሶል ላይ ነው። 25 ኢንች የሚረዝም ስኖውሹ ይህን ወደ 1,200 ያደርሰዋል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ጨርሶ አይሰምጡም ማለት ግን አይደለም፤ አዲስ በረዶ ላይ ስንዝር ያህል መግባት ያለ ነው።

የመጠኑ ነገር ከጫማ ቁጥር ጋር አይገናኝም። የሚመረጠው በክብደት ነው፣ እሱም ልብስና የጀርባ ቦርሳ ተደምሮ። በግርድፉ ለትንሹ ልጅዎ 16 ወይም 17 ኢንች የልጆች፣ እስከ 70 ኪሎ ለሚመዝን 21 ወይም 22፣ እስከ 90 ኪሎ 25፣ ከዚያ በላይ 30 ኢንች ነው። ትክክለኛው ገደብ በየስኖውሹው ላይ ወይም በአከራዩ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏልና እሱን ይመኑ። ሁለት መጠን መሃል ከሆናችሁና መንገዱ የተረገጠ ከሆነ ትንሹን ውሰዱ። ብዙ ጀማሪ "ትልቁ ይሻላል" ብሎ 30 ኢንች ያስርና ቀኑን ሙሉ የራሱን እግር ሲረግጥ ይውላል። ለእቴቴ በተለይ አጭርና ጠባብ የሆነውን የሴቶች ዓይነት ይጠይቁላቸው። ሁሉም በኪራይ የሚገኝ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው የስኪ ሊፍት (ተንሸራታቹን ተራራ ላይ የሚያወጣው ማጓጓዣ) ቲኬት የሚበላው ገንዘብ ለመላው ቤተሰብ ስኖውሹ ይከራያል።

ዕቃውን ሲረከቡ አገላብጠው ይዩት። ከጣቶች ሥር የብረት ጥርስ አለ፤ ጠንካራ በረዶ የሚነክሰው እሱ ነው። ማሰሪያው የተገጠመው በአንድ ዘንግ ላይ ስለሆነ፣ ሲራመዱ ተረከዝ ይነሣል፣ የስኖውሹው ጭራ ግን መሬት ላይ እየተጎተተ በላዩ ያለውን በረዶ ያራግፋል። አንዳንዱ ተረከዝ ሥር የምትነሣና የምትተኛ ቀጭን ብረት አለችው። ለቀጥ ያለ አቀበት ትነሣለች፤ ሜዳና ቁልቁለት ላይ መተኛት አለባት። እሷን ሳያስተኛ ቁልቁለት የጀመረ ሰው በአፍንጫው ነው የሚወርደው።

ብዙው ችግር የሚጀምረው አስተሳሰሩ ላይ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። መጀመሪያ ከቦቱ ሶል ሥር ያለውን በረዶ መትተው ያራግፉ። ሳይራገፍ ከታሰረ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በረዶው ይጠቀጠቅና ማሰሪያው ይላላል። ከዚያ እግርን ያስገቡ፤ የእግር መዳፍ ሰፊው ቦታ፣ ከጣቶች ሥር ያለው፣ ልክ ከዘንጉ በላይ ይረፍ። ወደ ፊት ካለፈ የቦቱ አፍንጫ በየእርምጃው ከወለሉ ጋር ይጋጫል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ጥርሱ አቀበት ላይ አይነክስም። ማጥበቅ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ የጣቶቹ፣ ቀጥሎ የእግር ጀርባው፣ መጨረሻ የተረከዙ። የማሰሪያው መቆለፊያና ትርፍ ጫፉ ወደ ውጭ ይዙር፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ሌላኛው እግር ይረግጠዋል። ግራና ቀኝ ያለው ዕቃ በዚህ ነው የሚለየው። አንድ እግር አንሥተው ግራ ቀኝ ያወዛውዙት። ስኖውሹው ከቦቱ ተለይቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ልል ነው። በሌላ በኩል ጣቶች ላይ አንቆ መያዝም ደም ያቆማል፤ "ጣቴ ደነዘዘ" የሚል ልጅ ሲመጣ ካልሲ ከመደረብ በፊት የፊተኛዋን ማሰሪያ አላሉለት። 20 እርምጃ ያህል ሂዱና ሁላችሁም ደግማችሁ አጥብቁ። የመጀመሪያው ማሰር ምንጊዜም ይላላል።

ምርኩዝ የግድ ያስፈልጋችኋል፣ ለእቴቴማ ምንም ጥያቄ የለውም። የቤታቸውን ከዘራ ግን እዚሁ ይተዉት፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ እስከ እጀታው ነው የሚሰምጠው። የበረዶ ምርኩዝ ከጫፉ ከፍ ብሎ የሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ፕላስቲክ አለችው፤ ስትከራዩ እሷ መኖሯን እዩ። ልኩ፣ ምርኩዙ ቆሞ ሲይዙት ክርን በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ ነው። ለአቀበት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ማሳጠር፣ ለቁልቁለት ያንኑ ያህል ወይም ትንሽ ጨመር አድርጎ ማስረዘም ይረዳል።

አረማመዱ ከተለመደው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። እግር ትንሽ ፈርከክ ይላል፤ አህያ ላይ ከርሞ እንደወረደ ሰው። ጉልበትም ከወትሮው ከፍ ይላል። በማግስቱ የሚያመው ዳሌና ብሽሽት የሆነው በዚህ ነው። ወደ ኋላ መራመድ የለም፤ ጭራው በረዶ ውስጥ ይሰካና ቁጭ ያደርጋል። መዞር ሲያስፈልግ ሰፊ ግማሽ ክብ ሠርቶ ነው። ቁልቁለት ላይ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ መርገጫው ሙሉውን በአንድ ጊዜ እንዲያርፍ ማድረግ፤ በፍርሃት ወደ ኋላ የተለጠጠ ሰው ጥርሱን ከበረዶው ያስለቅቅና ይንሸራተታል። መውደቅ ደግሞ አይቀርም፤ አያምምም፤ መነሣቱ ነው የሚያስቀው። እጅ ቢመረኮዙ እስከ ትከሻ ይገባል። ሁለቱን ምርኩዞች በረዶው ላይ አነባብራችሁ አስተኙና እነሱን ተደግፋችሁ፣ መጀመሪያ በጉልበት፣ ከዚያ በአንድ እግር ተነሡ።

ልምምዱን በተመለከተ የሱሉልታ ሰው ከሌላው ቀድሟል። ነሐሴ ላይ ዋልካ አቋርጦ ታክሲ የያዘ ሰው፣ በየእርምጃው እየከበደ የሚሄድ ጫማ ማንሣት ምን እንደሆነ ያውቃል። የአዋቂ ስኖውሹ በየእግሩ ከ800 ግራም እስከ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ እግር ላይ የታሰረ አንድ ኪሎ ደግሞ ጀርባ ላይ ካለ አንድ ኪሎ ከአራት እጥፍ በላይ ያደክማል። ጉዞው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስለሆነ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምራችሁ ስድስት ሳምንት ተለማመዱ። በሳምንት ሁለት ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቤት ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ወጣ ብሎ ሁለት ሰዓት ያህል። ከመንገዱ ወጥታችሁ ቅጠልና ቅርፊት በተነጠፈበት፣ መሬቱ እኩል ባልሆነበት ሂዱ። በየአሥር ደቂቃው ለ50 እርምጃ እግር ከፍታችሁ፣ ጉልበት አንሥታችሁ ተራመዱ። ሰው ቢያይ ይሥቃል፣ ይሣቅ። ቤት ውስጥ ደግሞ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ሳያጥፉ ማንሣት፣ በእያንዳንዱ ጎን 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለእቴቴ ወንበር ተደግፈው ቆመው እግራቸውን ወደ ጎን ማንሣት ይበቃቸዋል። ጉልበታቸው የሚያብጥ ወይም ሲራመዱ የሚከዳቸው ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው፤ የደም ግፊት ካለባቸውም እንደዚሁ፣ ብርድ ግፊት ይጨምራልና።

አንድ የማያስፈልግ የሚመስል ልምምድ እንጨምርላችሁ። በኅዳር ውርጭ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ጓንት አድርገው የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ማሰሪያ ደጅ ላይ ይፍቱ ይሰሩ። ብሬክንሪጅ ላይ ጓንቱን አውልቆ ማሰሪያ ሲታገል አምስት ደቂቃ የቆየ ልጅ፣ ጣቱን ለማሞቅ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት።

ከፍታው አያስፈራችሁ። ብሬክንሪጅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,926 ሜትር ላይ ናት፤ እናንተ 2,700 አካባቢ ነው የምትኖሩት፣ የእንጦጦ ጀርባም ከ3,000 ያልፋል። ከባሕር ዳርቻ የመጡ ሰዎች የመጀመሪያውን ሌሊት ራሳቸውን ሲያማቸው እናንተ ላይታወቃችሁ ይችላል። እንዲያውም 1,600 ሜትር ላይ የሚኖረው ወንድምዎ ቀድሟችሁ ያለከልካል። አየሩ ግን በጣም ደረቅ ነው፤ ሳይጠሙ መጠጣት ያስፈልጋል።

ልብስ ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ ጥጥ አይሁን። ጋቢ እሳት ዳር ወደር የለውም፤ ላብ ወይም በረዶ ከነካው ግን ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይጠጣል። ጂንስም፣ የጥጥ ካኒቴራም እንደዚያው ነው። ከሥር ከሰውነት የሚጠጋ የፖሊስተር ወይም የሱፍ ልብስ፣ የልጆቹ የስፖርት ቱታ ጥጥ ካልሆነ ይበቃል። ከላዩ ፍሊስ የሚሉት ለስላሳ የፖሊስተር ሹራብ ወይም የሱፍ ሹራብ። ከሁሉ በላይ ንፋስና እርጥበት የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፤ ይህንን የወንድምዎ ቤት የሚያጣው አይመስለንም፤ የስኪ ሰዎች ናቸውና። ፍሊሱ መርካቶ ሳልቫጅ የሚሸጡት ዘንድ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፤ ጥጥ መሆን አለመሆኑን ልብሱ ላይ ከተሰፋችው ምልክት አንብቡ። ሲነሡ ትንሽ እንዲበርዳችሁ ሆናችሁ ውጡ። ደርቦ ሞቆት የወጣ ሰው በ15 ደቂቃ ያልበዋል፣ ሲቆም ላቡ ይበርዳል፤ ብርድ ያገኘው ያኔ ነው።

እግር ላይ አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ብቻ። ሁለት ካልሲ ቦቱን ያጠብና ደሙን ይገታል፣ እግርም ይበልጥ ይበርዳል። ካልሲውን ከዚህ ግዙ ያልነው ቀድማችሁ እንድትለማመዱበት ነው። ከቦቱ አፍ በረዶ እንዳይገባ ደግሞ ያው የአርበኞቹ ገምባሌ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ከናይለን ይሠራል፣ ከስኖውሹው ጋር ይከራያል። ጓንት ለልጆቹ ሁለት ሁለት ጥንድ፤ አንደኛው መርጠቡ አይቀርም።

ፀሐዩን አትናቁ። አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የአልትራቫዮሌት ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ወደ ላይ ይረጨዋል። ባርኔጣ የሚከላከለው ከላይ የሚመጣውን ነው፤ ከታች የሚመጣው አገጭ ሥርና አፍንጫ ቀዳዳ ሥር ያገኛል። ክሬም እዚያ ይቀባ፤ ለጠቆረ ቆዳም ይሠራል። መነጽር ያላደረገ ልጅ ማታ "ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ" ብሎ ሲያለቅስ ያድራል።

ስለ ብርድ ጉዳት የሚታተሙ መመሪያዎች "ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይነጣል" ይላሉ። የእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። እናንተ የምትፈልጉት አመድ የመሰለ ግራጫ ቦታ፣ እንደ ሰም የጠነከረ፣ ሲነኩት ልጁ የማይሰማው ነው። አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጉንጭና የጣት ጫፍ በየ20 ደቂቃው ይታይ። ካገኛችሁ አታሹት፣ በረዶም አትቀቡት። ጣት ከሆነ ብብት ሥር፣ ጉንጭ ከሆነ በሙቅ መዳፍ ይሸፈን፣ ወደ ቤትም ይግባ። ሙቀት አግኝቶም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ጋ ነው።

ምግቡ ላይ አንድ ነገር ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ነው የሚውለው፤ ያ ማለት ጾመ ነቢያት ውስጥ ናችሁ። የጾም ስንቁ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ለበረዶ የተፈጠረ ይመስላል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምር አይጠነክርም፤ በሶ በዘይት ተለውሶ በትንንሹ ቢድቦለቦል ኪስ ውስጥ ይያዛል። ቸኮሌትና ካራሜላ ግን ድንጋይ ይሆናሉ፤ ጥርስ ያወልቃሉ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። እቴቴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ ብርድ ላይ መራመድ አይሆንላቸውም፤ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከሚበላው ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ እንውጣ ብትሉ ደግሞ በታኅሣሥ እዚያ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከ10 ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ትጠልቃለች፤ ተራራ የከበበው ሸለቆ ውስጥ ከዚያም ቀድሞ ይበርዳል። እኛ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ሲል የሚመሽልን ሰዎች በዚህ እንሸወዳለን። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ስለዚያች አንድ ቀን ይነጋገሩ። ካልሆነም እሳቸው 20 ደቂቃ ብቻ ይሂዱ።

ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር፣ ለትንሹ ግማሽ ይበቃል። ጠርሙሱን ዘቅዝቃችሁ ቦርሳ ውስጥ አስገቡት፤ ውሃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይያዝም። አንድ ፔርሙዝ ሻይ ደግሞ ለመመለሻው ይቀመጥ።

የት ትሂዱ? ከብሬክንሪጅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ፍሪስኮ የምትባል ከተማ አለች፤ በዲለን የውሃ ማጠራቀሚያ ዳር ኖርዲክ ሴንተር አላት። ብሬክንሪጅም የራሷ አላት። ኖርዲክ የሚሉት ሜዳ ለሜዳ የሚኬደውን ስኪ ነው፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የወከለበት። እነዚህ ቦታዎች ለስኖውሹ የተለዩ ምልክት ያላቸው መንገዶች፣ ኪራይ፣ ሽንት ቤትና የሚሞቁበት ቤት አላቸው፤ መግቢያ ይከፈላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነሱ ውጭ አንመክርም። አንድ ነውር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ስኪ የሚሄዱበት ሁለት ትይዩ ቦይ መንገዱ ላይ ታያላችሁ፤ እሱን መርገጥ በአዲስ ሊሾ ላይ እንደመሄድ ነው። ወደ ዴንቨር ከተመለሳችሁ በኋላ ከወደዳችሁት ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቤር ሌክ አለ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ኒምፍ ሐይቅ 800 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ግን ሰው ስለሚበዛ መንገዱ ብዙ ጊዜ የተጠቀጠቀ ነው። ቦት ጫማችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት የማይሰምጥ ከሆነ ስኖውሹ ትርፍ ሸክም ነው፤ ጫማ ላይ የሚለጠጥ ባለ ጥርስ ሰንሰለት ተከራዩ።

ከተዘጋጀው መንገድ ውጭ በወንድምዎ ግፊት ከወጣችሁ፣ ኮሎራዶ የበረዶ ናዳ ያለባት አገር መሆኗን አትርሱ። ናዳ በብዛት የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚያዘነብል ገደል ላይ ነው፤ እናንተ ሜዳ ላይ ሆናችሁ ከላይ ያለው ሊመጣባችሁ ይችላል። የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከል በክረምት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፤ ያንን ሳያይ "እኔ አውቀዋለሁ" የሚል መሪ አትከተሉ። ልጆቹም ከትልልቅ ጥዶች ግንድ ሥር አይጠጉ። ቅርንጫፉ ስለሚጋርደው በግንዱ ዙሪያ ያለው በረዶ ባዶ ጉድጓድ ሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

ርቀቱን በሱሉልታ እርምጃችሁ አትለኩት። ቤተሰብ በስኖውሹ በሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። ጠቅላላው ጉዞ ከ3 ኪሎ ሜትር አይለፍ። ፍጥነቱን የሚወስኑት እቴቴ ናቸው፤ ከፊት እንዲሄዱ ባይሆንም ሁለተኛ ሆነው፣ ከኋላቸው ማንም ሳያጣድፋቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ "ይበቃኛል" ካሉ አንድ አዋቂ አብሯቸው ይመለስ፤ የመኪናውም ቁልፍ በዚያ ሰው ኪስ ይሁን። ቁልፉ ከመሪው ጋር ጫካ ገብቶ አሮጊት መኪና ደጅ ላይ ቆመው የሚበርዳቸው ብዙ ጊዜ ነው።

ላኮረፈው ልጅዎ ሥራ ይስጡት። ያልተረገጠ በረዶ ላይ ትልቁ ድካም የፊተኛው ነው፤ መንገዱን እሱ ይጠርጋል፣ ሌላው በዱካው ይከተላል። ሱሉልታ ያደገ ልጅ አሯሯጭ ምን እንደሚሠራ አይነገረውም። አምስት አምስት ደቂቃ ይምራ፤ ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ሰልፉን ያሳልፍና ከጭራው ይግባ። የስኪ አዋቂ የሆኑት የአጎቱ ልጆች ያኔ ከኋላው ናቸው። ለትንሹ ደግሞ ዱካ ፍለጋ። በዚያ አካባቢ የምትኖር አንዲት ጥንቸል አለች፤ በክረምት ነጭ ትሆናለች፣ የኋላ እግሮቿም ከሰውነቷ ጋር ሲተያዩ እጅግ ሰፊ ናቸው። ስሟም በእንግሊዝኛ "ስኖውሹ ሄር"፣ የስኖውሹ ጥንቸል እንደማለት ነው። ሁለቱ ትልልቅ የኋላ ዱካዎቿ ከትንንሾቹ የፊት ዱካዎች ቀድመው ያርፋሉ፤ ይህን የነገሩት ልጅ ለአንድ ሰዓት "ደከመኝ" አይልም።

ኪራዩን ከዋዜማው ማታ ጨርሱት፤ በበዓል ሰሞን ጠዋት ወረፋ አለ፣ የልጆች መጠንም ቶሎ ያልቃል። እያንዳንዱን በባለቤቱ ቦት ልክ እዚያው አስተካክሉና በፕላስተር ስም ጻፉበት። ከቤት ውስጥ ግን አትሞክሩት፤ ጥርሱ የሰው ወለል ይቧጥጣል። የእቴቴን ማሰሪያ ጠዋት እሳቸው መኪናው ወንበር ላይ እግራቸውን ወደ ውጭ አድርገው ተቀምጠው እርስዎ ወይም ባለቤትዎ እሰሩላቸው፤ ጎንበስ እንዲሉ አይጠብቁ። ስትመለሱ ደግሞ መቆለፊያው በረዶ ይዞ አልፈታ ቢል በብረት አትምቱት፤ በእጅ መዳፍ ለአንድ ደቂቃ ሸፍናችሁ ያዙት፣ ይለቃል።